ራቅ ብለው ያዩበት ሳምንት

በቤት ስማቸው እታለም፣ በመሥሪያ ቤታቸው ደግሞ «ሠዓሊዋ» ይባሉ የነበሩት ታላቅ እህታችን ከመኪና ቀለም ረጪው አባታችንና ከልብስ ሰፊዋ እናታችን የተወለዱት ከዛሬ ስልሳ ስምንት ዓመት ገደማ በፊት ነው። ገደማ የምለው እናታችን ለየጠያቂው የተለያየ ዓመት ይናገሩ ስለነበር ነው፤ እታለምም ከሁሉም ዕድሜ የሚቀንስላቸውን መርጠው ያዙ። ይህን የምጽፈው ታናሽ እህታቸው ነኝ። ሰሞኑን እንቅልፍ የሚባል ነገር ስላላየሁ፣ ያጎደልኩት ቢኖር ቤተሰቡ ይሙላበት።

ልጅነታቸውን ያሳለፉት አባታችን በሚሠሩበት ጋራዥ ውስጥ ነበር። አባታችን የተጋጨ በር አቃንተው ሲቀቡ፣ አዲሱ ቀለም ከአሮጌው ጋር አንድ እስኪሆን ደጋግመው ይቀይጡ ነበር። ከዚያ እታለምን ጠርተው «እስቲ እዪው፣ ይለያል?» ይሏቸዋል። ይለያል ካሉ እንደገና ይቀየጣል። «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» የአባታችን የዘወትር ተረት ነበርና ለልጃቸውም ተረፈ። እታለም ከትዳራቸው በቀር ቸኩለው የሠሩት ነገር ትዝ አይለኝም።

የአንደኛና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በሰፈራችን ካጠናቀቁ በኋላ የሥዕል ትምህርት ቤት ገብተው በጥሩ ውጤት ተመረቁ። ወዲያውም በአንድ ማተሚያ ቤት ተቀጥረው፣ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የተማሪ መጻሕፍት ሥዕል ሲሠሩ ኖሩ። የአንድ ትውልድ ተማሪ የጉበትን ቅርጽ፣ የአበባን ክፍሎችና የዝናብን ዑደት ያወቀው በእሳቸው እጅ ነው። ከየሥዕሉ ቀስት ይወጣል፣ በቀስቱ ጫፍ ስም ይጻፋል። ቀስቱ ትንሽ ከሳተ ገጹ ተመልሶ ጠረጴዛቸው ላይ ይወድቃል።

ከባለቤታቸው ጋር የተዋወቁትም በሳተ ቀስት ምክንያት ነበር። ሰውየው የፊዚክስ መምህር ነበሩና፣ ባዘጋጁት መጽሐፍ ላይ አንድ የብርሃን ጨረር ተጣምሞ ቢያገኙት ሊያሳርሙ መጡ፤ ሲያሳርሙ፣ ሲያሳርሙ ሦስት ወር ፈጀባቸው። በአራተኛው ወር ተጋቡ። ዛሬ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ የሆነውን አንድ ልጃቸውንም ወለዱ። መምህሩ ከዚህ ዓለም በሞት ከተለዩ አሥራ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል።

እሁድ እሁድ ግን እታለም ሌላ ሥራ ነበራቸው። ሰው የሌለበት፣ ዛፍ የሌለበት፣ ቤት የሌለበት፣ ቀለምና ቀለም ብቻ የተገናኘበት ሥዕል ይሠሩ ነበር። አዋቂዎቹ ረቂቅ ሥዕል ይሉታል። ዘመድ መጥቶ «ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» ሲላቸው ይደክማቸው ነበር። «ሥራ ላይ ይሄ ጉበት ነው፣ ይሄ ሥር ነው ስል ነው የምውለው፤ እሁድን እንኳ ተዉልኝ!» ይሉ ነበር።

መምህሩ ሲያርፉ እኔ ከእታለም ጋር ለመኖር ሦስተኛ ፎቅ ላይ ወዳለችው ባለሁለት ክፍል ቤታቸው ገባሁ። ገባሁ ልበል እንጂ ቦታውን ሥዕሉ ቀድሞ ይዞታል። ከቁም ሳጥኑ ጀርባ ሸራ፣ ከአልጋው ሥር ሸራ፣ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ሳይቀር ሸራ። እሳቸውም እንዳላይባቸው ትልልቁን በሻርፕ ጠቅልለው ያስገቡ ነበር፤ ግመል ሰርቆ አጎንብሶ ማለት ይሄ ነው። የቀለሙ ዘይት ሽታ ልብሴ ውስጥ ገብቶ ቀረ። ብዙ ጊዜ ተነጫንጬባቸዋለሁ፤ ተነጫንጬም አብሬያቸው ኖሬያለሁ።

የእታለም ችግር ግን ከእኔ ይብስ ነበር። ሠዓሊ የሠራውን ራቅ ብሎ ማየት አለበት። እሳቸው ወደኋላ ሲሉ ጀርባቸው ቁም ሳጥኑን ይመታል። ስለዚህ በሩን ከፍተው ወደ ኮሪደሩ ይወጡና ከደረጃው አፍ ላይ ቆመው ያያሉ። የደረጃው መብራት ቶሎ ቶሎ ስለሚጠፋ ማብሪያውን የምጫነው እኔ ነኝ። ጎረቤት እቃ ተሸክሞ ሲወጣ «ይለፉ፣ ይለፉ» እያሉ ጥግ ይይዛሉ። በዚህ ሁኔታ አንዱን ሸራ ያያሉ እንጂ፣ የዕድሜ ልክ ሥራቸውን በአንድ ላይ አይተውት አያውቁም ነበር። ሳልሞት አንድ ቀን ሁሉንም ሰፊ ቦታ ላይ ደርድሬ ከሩቅ ልያቸው የሚለው ምኞት የመጣው ከዚህ ነው። ሌላ ነገር ሲመኙ አልሰማሁም።

ባለፈው ዓመት አንድ የሥዕል አዳራሽ ሥራቸውን የሚያሳዩበት ተራ ሰጣቸው። በዚያው ሰሞን ሆዳቸውን አመማቸው። ሐኪሙ ጉበት መሆኑን ሲነግሯቸው «በደንብ አውቀዋለሁ፣ ስንቴ ሥዬዋለሁ» አሉ። ሕክምናው ወዲያው ይጀመር፣ ግን አያድንም፣ ጊዜ ያስረዝማል፣ አልጋ ላይም ያውላል ተባለ። እታለም አዳራሹን መረጡ። ልጃቸው አኮረፈ፤ እኔም አለቀስኩ፣ ተቆጣሁ፣ ለመንኩ። በመጨረሻ ደከመንና ሸራ ማውረድ ጀመርን።

የአዳራሹ ኃላፊ ስልክ ደውለው የዐውደ ርእዩ ርእስ ምን ይሁን ብለው ጠየቁ። እታለም ያን ዕለት ሕመሙ ጠንቶባቸው ነበርና፣ ርእስ ባይኖረውም ግድ የለም ለማለት «ምንም አይደለም» ብለው ስልኩን ለእኔ ሰጡኝ። በሳምንቱ ትልቅ ፖስተር ታትሞ መጣ፤ «ምንም አይደለም» ይላል። ኃላፊዋ በድንጋጤ ሊያስቀይሩት ሲነሱ እታለም በሳቅ ፈርሰው ከለከሏቸው። ከታመሙ ወዲህ እንደዚያ ሲስቁ ያየኋቸው ያኔ ብቻ ነው።

ዐውደ ርእዩ ተከፈተ። መብራቱን የዘረጋው ልጃቸው ነው፤ ኩርፊያውን መሰላል ላይ ሆኖ ጨረሰው። እንግዳው ከሄደ በኋላ እታለም ወንበር አስመጥተው ከአዳራሹ ዳር እስከ ዳር ያለውን ሥራቸውን ከሩቅ አዩት። ፊታቸው አርፎ ነበር። በማግስቱም፣ በሣልስቱም እየሄዱ እዚያው ወንበር ላይ ዋሉ።

ሳምንቱ ሳያልቅ ከበሩ ፊት ለፊት ያለውን ትልቁን ሥዕል በጣታቸው እያሳዩ «ያ ገና ነው» አሉ። ቤት ውስጥ ሆነው ያለቀ መስሏቸው ነበር፤ ከሩቅ ሲያዩት ግራጫው ቢጫውን ውጦታል። ኃላፊዋ ግድግዳው ባዶ ይሆናል ቢሉም አልሰሟቸውም። ሸራው ተመልሶ ሦስተኛ ፎቅ ወጣ፣ ከእግርጌያቸውም ቆመ። ከዚያ ወዲህ ትራስ ደግፏቸው፣ እኔ ቀለሙን እየጨመቅሁላቸው ሠሩ። ብሩሹ ሲከብዳቸው ያርፋሉ፣ ይተኛሉ፣ ደግሞ «አምጪው» ይላሉ። እኔም አመጣለሁ። እጄ ላይ ያለው ቢጫ እስካሁን አልለቀቀም።

ባለፈው ማክሰኞ ከቀትር በኋላ «ትንሽ ልተኛ» ብለው እንደተኙ አረፉ። ሥዕሉን ጨረሱት ወይስ አልጨረሱትም የሚለውን የሚያውቅ ሰው የለም። እኔም አላውቅም። ከልጃቸው ጋር ተማክረን ረቡዕ ዕለት እንዳለ ወስደን ቦታው ላይ ሰቀልነው።

እታለም አንድ ልጃቸውን፣ ምራታቸውንና እኔን እህታቸውን ትተው አልፈዋል። ፈጣሪ ድካማቸውን ቆጥሮ ነፍሳቸውን በሰላም ያሳርፍልን፤ ለቀረነውም ብርታቱን ይስጠን።

ዐውደ ርእዩ እስከ ቅዳሜ ክፍት ነው። ከበሩ ፊት ለፊት የተሰቀለው ትልቁ ሥዕል ቀለሙ ገና ስላልደረቀ፣ ለመሰናበት የምትገቡ ሁሉ እንዳትነኩት አደራ እንላለን።