ከቤተልሔም ቅጂ ላይ ያጠፋሁት ዓምድ

ሰኞ፣ የካቲት 16። ፍኖተ ሰላም። ማታ 4፡00 ሰ.

ደብተሬ፣ ይህን የምጽፍብህ ስለ ቀናሁ ነው። ሌላ ምክንያት የለኝም። የምቀናባት ቤተልሔም ናት፤ የቡሬ ልጅ፣ ወንድሜ ይበልጣል ባለፈው ጥቅምት ወደ ሠርግ ሙዚቃ ሥራው ያስገባት። ቅናቴ ምን እንደሚያደርገኝ በጽሑፍ ልከታተለው አስቤአለሁ፤ በት/ቤታችን ቤተ መጻሕፍት የጠፉ መጻሕፍትን እንደምከታተል።

ዛሬ ከሥራ መልስ ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ዘፈን አስተካከልሁ። «ትራክ 01» የሚባሉት ብቻ አርባ ሰባት። አንዱ ዘፈን በአምስት ስም ተቀምጧል፤ ከአምስቱ አራቱ የዘፋኙን ስም ስተዋል። ጾም ነውና ሠርግ የለም። ስፒከሮቹ በሳሎኑ ጥግ አንሶላ ለብሰዋል፤ ላፕቶፑ እስከ ፋሲካ የእኔ ነው። ልማዳችን ይህ ነው፤ ይበልጣል በጥር ያዘበራረቀውን እኔ በዓቢይ ጾም እደረድራለሁ።

በጥር መጨረሻ ፈረስ ቤት ከተማ ሠርግ ነበረን። ሚዜዎቹ ሲገቡ፣ ሽማግሌዎቹ መርቀው ሲቀመጡ፣ ሙሽራዪቱ ስትወጣ፤ ለእያንዳንዱ የሚስማማውን በተራ ያስቀመጥሁት እኔ ነኝ። ቤተልሔም ቆማ ከፈተችው። ሰዉ ምን አለ? «ይቺ ልጅ ታውቅበታለች።» እኔ ከስፒከሩ ጀርባ ሽቦ ይዤ ተቀምጬ ሰማሁ።

ቅዳሜ፣ የካቲት 21። ከምሳ በኋላ

እናቴ በጾም ዘፈን መስማቴን አልወደደችውም። በጆሮ ማዳመጫ መሆኑ ለእርሷ ይባስ ነው፤ ኃጢአቱን ደበቅሽው እንጂ አልተውሽውም ትላለች። የንስሐ አባታችንን ጠየቅሁ። «ጤፍ ያበጠረች ሴት ጾም ገደፈች አይባልም» አሉኝ። በሩ ጋ ስደርስ ጠርተው፣ «ካልቃመች» ብለው ጨመሩ። ስለዚህ አልቅምም። ከእያንዳንዱ ዘፈን የመጀመሪያውን ግማሽ ደቂቃ ብቻ እሰማለሁ።

ሶፍትዌሩ የዘፈኑን ምት በደቂቃ ቆጥሮ ይጽፋል። የእኛን እስክስታ ግን አያውቀውም፤ ወይ ግማሹን ይቆጥራል፣ ወይ እጥፉን። ጠረጴዛ በጣቴ እየመታሁ በእጅ አርማለሁ። ቅኝቱንም፣ ትዝታ ይሁን ባቲ፣ አምባሰል ይሁን አንቺሆዬ፣ ማሽኑ አይለይም። እርሱን በማስታወሻው ዓምድ እጽፋለሁ። ከዓምዶቹ ሁሉ የምወደው ይህን ነው። ስሙም ርዝመቱም ምቱም የዘፈኑ ነው፤ ማስታወሻው ግን የእኔ ንባብ ነው።

ረቡዕ፣ መጋቢት 2። 11፡30 ሰ.

መንገዱ ክፍት ስለሆነ ቤተልሔም በሚኒባስ ከቡሬ መጣች። አብረን ተቀመጥን። ባቲንና አንቺሆዬን አትለይም። ሁለት ጊዜ ፈተንኋት፤ ሁለቴም ሳተች፤ ሁለቴም ሳቀች። ደስ አለኝ።

ከዚያ አንድ የቆየ ዘፈን ዓይኗን ጨፍና ሰማችና፣ እዚህ ጋ ሰው ይነሣል ብላ ቀይ ምልክት አደረገችበት። በምን ዐወቅሽ አልኋት። «ትከሻዬ ነገረኝ፣ ባንቺዬ።» ደግሜ ሰማሁት። ልክ ናት። ዘፈኑን ሁለት ዓመት አውቀዋለሁ፤ ያ ቦታ አንድም ቀን አልታየኝም። እንዲህ ላለው ዕውቀት ዓምድ የለኝም።

ይበልጣል ለዳግማይ ትንሣኤ አዲስ ባነር ሊያሠራ ነው። «ዲጄ ቤቲ» በትልቁ። ከሥሩ በትንሹ «የሙዚቃ ክምችት አደራጅ፣ ባንችአምላክ» ይጻፍልኝ አልሁት። «እንግዲያ የቤተ መጻሕፍቱንም ማኅተም እንምታበት» አለ። ቤተልሔም አልሳቀችም። ብትስቅ ይሻለኝ ነበር።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 8። ጠዋት፣ ሥራ ከመግባቴ በፊት

ላፕቶፑን ብከፍት ክምችቴ ቀለም ተቀብቷል። ቤተልሔም ትናንት ከይበልጣል ጋር ተቀምጣ ነው። ቀይ፦ ሰው የሚያስነሣ። ሰማያዊ፦ እንግዳ እየበላ የሚሰማ። ቢጫ፦ «ሽማግሌ የማይቆጣበት»። እኔን ሳትጠይቅ። ላጠፋው ተነሣሁ፤ ግን በዳስ ውስጥ ፀሐይ ስክሪኑ ላይ ሲወድቅ ጽሑፍ እንደማይነበብ፣ ቀለም ግን እንደሚታይ ዐውቃለሁ። ተውሁት። ትክክል መሆኗን መቀበል እችላለሁ። መውደድ ግን አልቻልሁም።

ሰኞ፣ መጋቢት 14። 11፡00 ሰ.

ቤተልሔም የገጠሩን ፎልደር ጠየቀችኝ።

ስለ እርሱ ጽፌልህ አላውቅም። ከሁለት ዓመት በፊት ክረምቱን ከሽንዲ ወጣ ብሎ አክስቴ ዘንድ ከረምሁ። የሠርግ ዘፈን በቃላቸው የሚያወርዱ ሴቶችን ቤት ለቤት እየዞርሁ በስልኬ ቀዳሁ። አርባ አንድ ዘፈን። ከእኔ ዘንድ በቀር የትም የሉም። ማን እንዳወረደችው፣ የማን እናት እንደሆነች፣ በሠርጉ በየትኛው ሰዓት እንደሚዘፈን ለእያንዳንዱ በማስታወሻው ዓምድ ጽፌአለሁ። ከሴቶቹ ሦስቱ ከዚያ ወዲህ ዐርፈዋል። አክስቴ በስልክ በነገረችኝ ቁጥር ያንኑ ዕለት፣ «ዐርፈዋል፤ ቤተ ሰቡ ባለበት ሳይጠየቅ አይከፈት» ብዬ አስገብቻለሁ።

ቤተልሔም እንደምትለው ሰዉ አንድ ዓይነት ዘፈን ሰልችቶታል። የእነዚህን ሴቶች ድምፅ ብቻውን ታስጀምርና ከበሮውን ኋላ ታስገባበታለች። ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ ጥሩ በመሆኑም ተናደድሁ። ገና አልተጠናቀቀም አልኋት። ተጠናቋል።

ሐሙስ፣ መጋቢት 24። 9፡00 ሰ.

ይበልጣል በአጭሩ ቆረጠው። ሁሉንም ቀድተሽ ስጫት፣ የገጠሩንም። «ዘፈኑ የቤቱ ነው፤ የአንቺ ብቻ አይደለም።» እውነት ነው።

እንግዲህ ያደረግሁትን በትክክል ልመዝግብ። መጀመሪያ ሙሉውን ለራሴ አስቀረሁ። ቀጥሎ በእርሷ ቅጂ ላይ ዘፈኖቹን ሁሉ መረጥሁ። የማስታወሻውን ዓምድ ባዶ አደረግሁት። የሁለት ዓመት ጽሑፍ ነው፤ ለመጥፋት አንድ ማስነጠስ ያህል እንኳ አልፈጀም። ዘፈኑ የቤቱ ከሆነ ማስታወሻው የእኔ ነው፤ ንባቤን ለማንም የማውረስ ግዴታ የለብኝም።

ቅጂውን የያዘውን ፍላሽ ስሰጣት አመሰገነችኝ። ትከሻዋ ይንገራት።

ሰኞ፣ ሚያዝያ 5። 4፡00 ሰ.

ፋሲካ አለፈ። ቤቱ በእንግዳ ሞልቶ ነበር። ኢንተርኔት ሳምንቱን የለም፤ አጭር መልእክት ግን ይገባል።

ቤተልሔም ጽፋልኛለች። እንኳን አደረሰሽ ትላለች፤ ከገጠሮቹ ዘፈኖች ልጠነቀቅበት የሚገባኝ አለ ወይ ብላም ትጠይቃለች። «ሁሉም የሠርግ ናቸው» ብዬ መለስሁ። ሁለት ጊዜ አነበብሁት። ውሸት የለበትም።

ሰኞ፣ ሚያዝያ 12። ጠዋት

ትናንት፣ ዳግማይ ትንሣኤ። ሠርጉ ከሽንዲ ማዶ። የሙሽራዪቱ አባት አያ ፈንታሁን ይባላሉ። ስማቸውን ስሰማ ምንም አላስታወሰኝም፤ ፊታቸውን ሳይም እንዲሁ። የማን ልጅ እንደሆኑ ማስታወሻው ያውቅ ነበር፤ እኔ ረስቼአለሁ። የምጽፈው ለዚህ እኮ ነበር፣ ስለምረሳ።

ከምሳ በኋላ ሙሽራዪቱ ልትወጣ ስትል ቤተልሔም ከገጠሩ ፎልደር አንዱን ከፈተች። ሰዓቱ ትክክል፣ ዘፈኑም ትክክል። የአንዲት አሮጊት ድምፅ ብቻውን ወጣ። አያ ፈንታሁን ከሽማግሌዎቹ ጋር ቆመው ነበር። ቀስ ብለው መሬት ላይ ተቀመጡ። ጋቢያቸውን ፊታቸው ላይ ጣሉ። ከሴቶቹ አንዷ «እናትነሽ» አለች፣ ሰው እንደ መጥራት። ሌላዋ ጮኸች። ከዚያ ሁሉም ጮኹ።

እትዬ እናትነሽ የአያ ፈንታሁን እናት፣ የሙሽራዪቱ አያት ናቸው። በኅዳር ተቀብረዋል። ዳሱ በአፍታ የለቅሶ ቤት ሆነ። ሙሽራዪቱ በቬሎዋ እንደሆነች ደረቷን ልትመታ እጇን አነሣች፤ ሚዜዋ ያዘቻት።

ቤተልሔም ድምፁን ቆረጠችው። የሙሽራዪቱ አጎት ማሽኑ ድረስ መጣ።

«በሠርግ ቀን የሞተ ሰው ያናገረው ማን ነው?»

«እኔ ነኝ ጋሼ። አጥፍቻለሁ።»

«የየት አገር ልጅ ነሽ አንቺ?»

«የቡሬ።»

«ቡሬ ሰው አይሞትም?»

አንገቷን ደፋች። ይበልጣልም ሰው ሁሉ እየሰማ ሰደባት፤ ምን ብሎ እንደሆነ አልጽፈውም። እርሷ ወደ እኔ አልተመለከተችም፤ የምትመለከትበትን ምክንያት አታውቅም። እኔ ሽቦ እጠቀልል ነበር። አንድ አረጋዊ ቄስ ገብተው፣ ሙት ለሠርግ ቢጠራ ለመመረቅ ነው ብለው ሰዉን አረጋጉት። ሙሽራዪቱ በከበሮና በጭብጨባ ብቻ ተሸኘች። የእኛ ስፒከር ዳግም አልተከፈተም።

ደብተሬ፣ አልዋሽህም፤ ደስታ ነበረ። አያ ፈንታሁን ሲቀመጡ፣ ዳሱ ሁሉ ወደ ቤተልሔም ሲዞር፣ ሴቶቹ ከመጮኻቸው በፊት፣ አንድ ትንፋሽ ያህል ደስ አለኝ። ከዚያ ድምፁን ለየሁት።

ረቡዕ፣ ሚያዝያ 14። 12፡00 ሰ.

ይበልጣል ወሰነ፤ ቤተልሔም ከሥራው ወጥታለች። ግንቦት 2 ቡሬ ላይ ሠርግ አለ። «አንቺ ቁሚ፤ ዘፈኑን ከአንቺ በላይ የሚያውቀው የለም» አለኝ። ሁለት ዓመት የጠበቅሁት ቃል። ባነሩም ይቀየራል።

ተለማመድሁ። አንዱን ዘፈን ከሌላው ጋር በምትም በቅኝትም አስተካክዬ አገናኘሁ። ቁጥሩ ሁሉ ልክ ነው። ስፒከሩ ክፍት ሆኖ ሳለ እናቴ ከጓዳ ብቅ ብላ፣ ቤቱ ቀዘቀዘ፣ መብራት ሄደ እንዴ አለችኝ።

ከሰዓት በኋላ ቤተልሔም ፍላሹን ልትመልስ መጣች። ሻይ አልጠጣም አለች። ከሠርጉ ወዲህ አርባ አንዱንም ዘፈን ደጋግማ ሰምታለች፤ የሞተ ሰው ድምፅና በሕይወት ያለ ሰው ድምፅ በምን እንደሚለይ ልታውቅ። አላገኘችውም። «አንቺ ብትሆኚ ታውቂው ነበር፣ ባንቺዬ። እኔ ጆሮ የለኝም ለካ።»

ጆሮ የለኝም አለች፤ እርሷ። ዝም አልሁ። ይህ ዝምታ ዓምዱን ከማጥፋት ይብሳል፤ ያኔ ምን እንደሚከተል አላውቅም ነበር፤ ዛሬ ግን ዐውቃለሁ። ፍላሹን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ፣ ለእናቴ እጅ ነሥታ ሄደች።

ቅዳሜ፣ ሚያዝያ 17። 5፡00 ሰ.

ለይበልጣል ነገርሁት፤ ቆሜ፣ ከመጋቢት 24 እስከ ረቡዕ፣ በቅደም ተከተል። ይቆጣል ብዬ ነበር። እርሱ ግን፣ «ያንን ስድብ የሰደብኋት እኔ ነኝ እኮ» አለ። ከዚያ ወጥቶ ሄደ። ሲመለስ፣ ቡሬ ላይ እርሷ ትቁም ስለው ተስማማ። ለእኔ ያለው ቃል ጥቂት ነው፤ የሚገባኝም ያ ነው።

ሌላም ነገር አለ። አያ ፈንታሁን ሰው ልከዋል። «ድምፅዋን ማን ነው የያዘው?» ብለዋል። በቁጣ ይሁን በናፍቆት፣ መልእክተኛው አልለየም። ይበልጣል ራስሽ ሄደሽ መልሺ ብሎኛል።

ለቤተልሔም የምልከውን እዚህ እገለብጣለሁ፤ ኋላ ቃሉን እንዳላለዝበው። ዋናው ዛሬ በቡሬው ሚኒባስ ሹፌር እጅ ይሄዳል።

«ቤተልሔም፤ በገጠሩ ዘፈኖች ሁሉ ላይ ማስታወሻ ነበረ። የእትዬ እናትነሽ ማረፍም ተጽፎ ነበር። ለአንቺ ስቀዳ ሆን ብዬ አጠፋሁት፤ በፋሲካ ስትጠይቂኝም ሸሸግሁሽ። ያደረግሁት በቅናት ነው። ቅናቱ አሁንም አልለቀቀኝም፤ ቡሬ ላይ ቆመሽ ሰው ሲያጨበጭብልሽ ማየት ያመኛል። ቢሆንም መቆም ያለብሽ አንቺ ነሽ፤ ይበልጣልም ተስማምቷል፤ ይቅርታውን ራሱ ይጠይቅሻል። የእኔ ልመና አንድ ነው፦ እሑድ፣ ሚያዝያ 25፣ ከእኔ ጋር አያ ፈንታሁን ዘንድ ሂጂ። የምናገረው እኔ ነኝ። አንቺ ያጠፋሽው ነገር እንደሌለ በእርሳቸውና በአጎትዬው ፊት ስናገር ቆመሽ ስሚኝ። መሄድሽን ወይም አለመሄድሽን እስከ ሐሙስ፣ ሚያዝያ 22፣ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ድረስ አሳውቂኝ።»