በፊትዎ የተሞላው ባነሬ

ለክቡር ካፒታን ኤውፍሮኒዮ ዳላንጊን
የቀበሌያችን ሊቀመንበር
ኢሎይሎ ከተማ

ክቡርነትዎ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለባለቤትዎና ከየመብራት ምሰሶው ላይ ቁልቁል ለሚያየን ፎቶግራፍዎ የተሟላ ጤና እመኛለሁ። እኔ የኢንሹራንስ ቢሯችን ከተዘጋ ወዲህ ደህና ነኝ፤ የሚያደክመኝ ሥራ የለምና።

ይህን በአደባባይ መጻፌ፣ ቀበሌው ሥራ ላጣን ነዋሪዎች ባዘጋጀው «ባነር በነፃ» መርሐ ግብር የዋሉልኝን ውለታ በአደባባይ ላመሰግን ብዬ ነው። ቀጣሪና ሥራ ፈላጊ በሚገናኙበት ድረ ገጽ ላይ፣ ከስማችን በላይ የሚዘረጋውን ሰፊ ምስል በባለሙያ አሠርቼልሻለሁ ብለውኛልና።

አንደኛ፣ ንድፌን ስላረሙልኝ አመሰግናለሁ። እኔ በድንቁርናዬ ቀጣሪ ገጼን የሚያየው ለቅጽበት ነው ብዬ፣ ጸጥ ያለ ሰማያዊ መደብ፣ አውሎ ነፋስ ጣራውን የገለበጠው አንድ ቤትና «በአውሎ ነፋስ ለተጎዱ ቤቶች የካሳ ግምት አወጣለሁ» የሚል አንድ መስመር ብቻ አድርጌ ነበር። ጽሑፉን በስተቀኝ ያደረግሁትም፣ በስተግራ ከታች የራሴ ክብ ፎቶ ስለሚያርፍበት ነው። የጽሕፈት ቤትዎ ባለሙያ አቶ ራሙልፎ ግን አይተውት፣ «እትዬ ኔሊያ፣ ይሄ ምኑ ባነር ነው? ባዶ ሜዳ እኮ ነው! ካፒታን የሌሉበት ባነር ከዚህ ቢሮ ወጥቶ አያውቅም» አሉኝ። ስለዚህ በስተቀኝ እርስዎ አውራ ጣትዎን ቀስረው ገቡ፤ ከኋላዎ ፀሐይ ወጣች፤ ከበላይዎም «ይህ ባነር የካፒታን ኤውፍሮኒዮ ፕሮጀክት ነው» ተባለ። የእኔ ሙያ ወደ ግራ ጥግ ተገፍቶ በገዛ ፊቴ ተሸፈነ። አልለጥፍም ብል ቀበሌው ከሚያድለው የእርዳታ ሩዝ ዝርዝር እንዳልሰረዝ ፈርቼ ለጠፍኩት።

ሁለተኛ፣ ዝናዎ ባሕር ስለ መሻገሩ እንኳን ደስ አለዎ። ከሲንጋፖር የጻፈችልኝ ቀጣሪ፣ ባነሬን አይታ፣ ድርጅታቸው ለምርጫ የሚወዳደር ሰው እንደማይቀጥር በትሕትና ገለጸችልኝ። ተወዳዳሪ አይደለሁም ብዬ ብጽፍላት መልስ የለም። ያኔ እንኳ ጨርሶ ተስፋ አልቆረጥኩም፤ ሒሳብ ያዥ አደርግሻለሁ ያሉኝ የሩዝ ወፍጮ ባለቤቷ ወይዘሮ ፍሎርዴሊሳ ነበሩኝ።

ሦስተኛውን ለመጻፍ እጄ ይከብደኛል። የመርሐ ግብርዎን ስኬት ለማብሰር በቤቴ በር ላይ አውራ ጣትዎን የቀሰሩበት ትልቅ የፕላስቲክ ባነር አሰቀሉ፦ «ሥራ ላገኘሽው ኔሊያ ማግባኑዋ እንኳን ደስ አለሽ! ካፒታንሽ»። ክቡርነትዎ፣ ሥራ አላገኘሁም። ጎረቤቶቼ ግን እንደ ወጋችን ግብዣቸውን ሊበሉ መጡ። «ኧረ ኔሊያ፣ ደስታ በባዶ አፍ አይሆንም፤ በይ ጋብዢን!» እያሉ ደጄን ሞሉት። የለኝም ብላቸው «አቤት ስስት!» አሉኝ፤ ስለዚህ ለሳምንት ያስቀመጥኩትን የፓንሲት ፓስታ ቀቅዬ አበላኋቸው፤ በሌለኝ ሥራ መርቀውኝ ሄዱ። በማግስቱ ወይዘሮ ፍሎርዴሊሳ ገበያ ላይ አገኙኝና እቅፍ አድርገው፣ «እሰይ የኔ ልጅ! ሰኞ ላስጠራሽ ነበር እኮ፤ ባነሩን ሳይ ደስ ብሎኝ ቦታውን ለእህቴ ልጅ ሰጠሁት» አሉኝ። ውሸት ነው ብላቸው፣ «አንቺ ደግሞ! የካፒታንን እጅ ልትነክሺ ነው?» ብለው ሳቁብኝ። እዚያው ዓሣ ተራ መካከል ቆሜ አለቀስኩ።

እንግዲህ የምለምንዎ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ኔሊያ ሥራ አላገኘችም» የሚል ሌላ ባነር ያሠሩልኝ። ፊትዎን የፈለጉትን ያህል ያግዝፉት፤ ስሜ ብቻ ይነበብ። የወፍጮው ቦታ እንደማይመለስ አውቃለሁ፤ ቢያንስ ቀጣዩ ቀጣሪ ሌላ ሰው ቀጥሯታል ብሎ እንዳያልፈኝ ነው።

በባነርዎ ሥራ ያላት፣ በቤቷ ሥራ የሌላት፣ ውለታዎን የምትሸከምበት ትከሻ ያጣች ታዛዥ ነዋሪዎ፣
ኔሊያ ማግባኑዋ

ማስታወሻ፦ ባነሩ የት ደረሰ ብለው እንዳይጨነቁ። አውርጄ ጣራዬ በሚያፈስበት በኩል ወጥሬዋለሁ፤ ፊትዎ ወደ ውስጥ በመሆኑ ቀን ሙሉ ጋደም ብዬ ስውል አውራ ጣትዎን እንደ ቀሰሩ ይስቁልኛል። ፕላስቲኩ ጥሩ ነው፤ ጠብታ አያሳልፍም። በመርሐ ግብርዎ ሥራ ያገኘ አለ ወይ ብለው የበላይ ኃላፊዎች የመጡ እንደ ሆነ፣ ባነሩን አሳያቸዋለሁ።