ከአልሐምዱሊላህ ቀጥሎ ያለው

ሀዋዬ፣

አላህ ማረፊያሽን ያስፋልሽ፣ ያብራልሽ። ከተለየሽኝ አንድ ረመዷን አልፎ ሌላው እየመጣ ነው። «ይሄ ሽማግሌ ደግሞ ዛሬ ምን ሊለፈልፍ ነው?» እንደምትይ አውቃለሁ። ስሚኝ እስቲ፤ እንደ ድሮው አቋርጠሽኝ ወደ ጓዳ መግባት እንደሁ አትችዪም።

ቤቱ ደህና ነው። አጥሩ በብሎኬት ተሠራ። ፓፓያሽ አፈራ፤ ጎረቤት ሳይበስል ነው የሚጨርሰው። ያቺ የምትጠላኝ ዶሮሽ አሁንም ትጠላኛለች። ትራሶችሽን ግን ሰሚራ ቁም ሳጥን ውስጥ ከታ ቆልፋባቸው ነበር። ልነግርሽ የተነሳሁት የዚህን ነገር ነው።

የልጅ ልጃችን ሰሚራ ነርስነት ልትማር የገባች ጊዜ ለከሚሴ ባጃጅ ነጂ ሁሉ ስታወሪ እንደነበር ረሳሽው? በየሳምንቱ እየመጣች «እማማ፣ እንዴት ነሽ?» ስትልሽ «አልሐምዱሊላህ» ትያታለሽ። እኛ አገር ሌላ ምን ይባላል? ሰንበቴ ገበያ ላይ ግመል የረገጠው ሰውም ሲጠየቅ አልሐምዱሊላህ ነው የሚለው። ልጅቷ አመነችሽ። ስትተኚ ትንፋሽ እንደሚያጥርሽ ደብቀሽ «አንገቴን ነው» እያልሽ ትራስ ስታስደርቢ፣ የሚደርበው የሷው እጅ ነበር።

አንቺ ከሄድሽ በኋላ አስተማሪዋ፣ ልቡ የደከመ ሰው በጀርባው መጋደም ስለሚያቅተው ትራስ ያበዛል ብለው ሲያስረዱ፣ ክፍሉን ጥላ ወጣች። «በገዛ እጄ እየደረደርኩ አላየሁትም፤ እኔ ሰው ላስታምም አይገባኝም» አለችኝ በስልክ። ትንሽ ቆይታም ሻንጣዋን ይዛ መጣች፤ ትምህርቱን ልትተው።

እኔ በዚያ ሰሞን ደከም ብሎኝ ነበር። ስትገባ እንደ ልማዴ «አንቺ መርፌ፣ ዛሬ ስንቱን ወጋሽ?» አላልኳትም። ሻንጣውን እንደያዘች ቆማ አየችኝ።

«እንዴት ነህ አባባ?»

«አልሐምዱሊላህ።»

ሻንጣውን አስቀመጠች። ቀጥላ ምን ብትለኝ ጥሩ ነው? «ሱብሂን ቆመህ ነው ተቀምጠህ የሰገድከው?»

ሀዋዬ፣ ሌላውን ሁሉ እዋሻት ነበር፤ በሶላት እንዴት ብዬ ልዋሽ! «ተቀምጬ» አልኳት። ከመቼ ጀምሮ ብትለኝ፣ ከጁምዓ። አጠገቤ ተቀምጣ እጄን ያዘች። የደም ሥሬን የምታዳምጥ መስሎኝ ነበር፤ ዓይኗ ግን ደረቴ ላይ ነው። ኋላ ስጠይቃት፣ ሰው ትንፋሹ እንደሚቆጠር ካወቀ አተነፋፈሱን ይለውጣል፤ ስለዚህ እጁን ይዘው በዘዴ ነው የሚቆጥሩት አለችኝ። አስመሳይ! ካንቺ ሌላ ከማን ትወርሰዋለች?

በባጃጅ ሐኪም ቤት ወሰደችኝ። ተረኛው ወጣት ሙቀቴን ለካ፤ ትኩሳት የለኝም። ሳሉም ይህን ያህል አልነበረብኝም። «አባት፣ እንዴት ነዎት?» አለኝ። ምላሴ መች ያርፋል፣ «አልሐምዱሊላህ» አልኩ። ሊያሰናብተኝ ሲል ሰሚራ ተነሳች።

«ሽማግሌ ሰው ሳንባውን ሲታመም ትኩሳት ላይኖረው ይችላል። ትንፋሹ ፈጣን ነው፤ ከጁምዓ ጀምሮ ተቀምጦ ነው የሚሰግደው። ደግሞ ከቤት እዚህ እስክንደርስ ማንንም አልተተናኮለም። አባባ ሳይቀልድ የዋለበት ቀን የለም።»

ወጣቱ ሳቀ። ግን ጥሩ ልጅ ነው፤ ስቆ አልተወውም። ጣቴ ላይ እንደ ልብስ መቆንጠጫ ያለች መሣሪያ ሰካ፣ ማዳመጫውን ጀርባዬ ላይ አደረገ። ፊቱ ተለወጠ። የሳንባ ምች ነበር። ኦክስጅን አድርገው አስተኙኝ፤ አንድ ቀን ዘግይተን ቢሆን ኖሮ ይህን ወሬ ራሴ ይዤልሽ እመጣ ነበር።

ነፍሴ መለስ ስትል መድኃኒት ልትሰጠኝ የመጣችውን ነርስ «አንቺስ አግብተሻል? ይቺን መርፌ የሚያገባልኝ ሰው እየፈለግኩ ነው» አልኳት። ሰሚራ ጥግ ይዛ አለቀሰች። ዳንኩ ማለት እንደሆነ ገብቷታል።

«እማማንም እንዲህ አድርጌ ብጠይቃት ኖሮ» አለችኝ። እኔም መልሼ ጠየቅኳት፤ ይቺን የሶላት ጥያቄ መጽሐፍ ላይ ነው ያገኘሻት? አይደለም። በመጨረሻዎቹ ሳምንታት ግድግዳ ተደግፈሽ ስትሰግጂ አይታሽ ነበር። ያኔ ምን ማለት እንደሆነ አላወቀችም፤ እኔ ላይ ስታየው ግን አወቀች። «እንግዲያስ ያስተማረችሽ እማማሽ ናት፤ ያስተማረችሽን ጥለሽ የት ትሄጃለሽ?» አልኳት። ቤት ስንገባ ቁም ሳጥኑን ከፍታ ትራሶችሽን አወጣች፤ ጀርባዬ ሥር ደረደረቻቸው። በማግስቱ ሻንጣዋን ይዛ ወደ ትምህርቷ ተመለሰች።

አሁን በሽተኛ አልሐምዱሊላህ ሲላት አብራ ታመሰግንና ቁጭ ትላለች አሉ። ባለፈው ሳምንት ይችለው የነበረ፣ ዛሬ ግን ያቃተው ነገር ምን እንደሆነ ትጠይቃለች። እኔንም ቃል አስገብታኛለች፤ አመስግኜ ስጨርስ የቀረውንም እንድናገር።

ባንቺ ስም ዱዓ ሳላደርግ አልተኛም፤ አልረሳሽም። አንቺም እንዴት ነህ ካልሽኝ፣ አልሐምዱሊላህ ሀዋዬ። ቀጥሎ ያለው ደግሞ ይሄ ነው፦ ብቻዬን ስሆን ምሳው አልወርድልህ ብሎኛል፤ ስቀልድም የሚቆጣኝ የለም።