በረንዳው ላይ ያለችው ሰማያዊ ቀስት

ይድረስ ለወንድሜ ለካሊድ ፈክረዲን፤ ዴንተን።

አሰላሙ ዓለይኩም። ካሊዶ፣ እንዴት ከረምክ? ጤናህስ? ያ ጉልበትህ አሁንም ብርድ ሲሆን ያምሃል? እኛ ዘንድ ሙቀቱ ከገባ ሰንብቷል። አንተ ዘንድ ዛፍ የሚባል ነገር ስለሌለ፣ ከሰዓት በኋላ ፀሐዩ እንዴት ያደርግህ ይሆን እያልኩ አስባለሁ። ጎረቤቶችህ ደግ ናቸው? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን፤ ከናፍቆትህና ከቴሌቪዥኑ በቀር የጎደለብን የለም።

እንደማትመልስልኝ አውቃለሁ። ግን ዩኒቨርሲቲ ስትገባ «ሌዊስቪል ለዴንተን ቅርብ ነው ብለህ ዝም እንዳትለኝ፤ በአማርኛ ጻፍልኝ፣ አለዚያ ፊደሉ ይጠፋብሃል» ያልከኝ አንተ ነህ። እንግሊዝኛ የቀላቀልኩበትን ቦታ ሁሉ በቀይ እያሰመርክ ትመልስልኝ ነበር። በጥር መንገዱ በረዶ ሆኖ መኪናህ ከተገለበጠ ወዲህ አንድም መስመር አልጻፍኩልህም። አድራሻህ ያው ዴንተን ነው፤ ከዩኒቨርሲቲው ወደ ሙስሊሞች መቃብር ተዛወርክ እንጂ ከከተማው አልወጣህም። ስለዚህ ጻፍኩልህ። የምጽፍልህ ግን ላለቅስልህ ሳይሆን ልቆጣህ ነው።

ለመሆኑ አንድ ሰው የቤቱን ሽቦ ሁሉ በራሱ እጅ ቀጣጥሎ፣ ለማንም ሳያስረዳ እንዴት ይሄዳል? ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ያለውን የገመድ ጫካ ሰማያዊ ፕላስተር እየለጠፍክ «ይህ የዲቪዲው ነው»፣ «ይህ የአንቴናው ነው»፣ «ኡበይዳ ይህን እንዳትነካ» ብለህ ጽፈህበታል። ለምን እንደማልነካው ግን የትም አልጻፍክም። ነክቼው ነበር፤ ምንም አልሆነም። አሁንም ምን እንደሆነ አላውቅም።

ይህን ያህል ያናደደኝ ቴሌቪዥኑ ራሱ አይደለም፤ እማዬ ናት። ከለቅሶው በኋላ ሳሎን መቀመጥ ተወች። የመጋዘን ሥራዋንም ተወች። ከመኝታ ቤት ወጥታ ምግብ ታቀርብልናለች፣ ተመልሳ ትገባለች። ቅዳሜ ስትመጣ የማታውን ዜና አጠገቧ ሆነህ እየተረጎምክላት፣ በተለይ የአየር ትንበያው ላይ ስትደርሱ ሁለታችሁም ስትንከተከቱ፣ እኔና ሁመይራ «ኧረ እንስማበት!» እያልን እንጮህባችሁ ነበር። ግንቦት ላይ አንድ ማታ ሳትታሰብ ወጣችና ሶፋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብላ «ያ የዝናቡ ሰውዬ አሁንም አለ?» አለችኝ። ከፈትኩላት። እስከ መጨረሻው አየችው። ከዚያ ወዲህ ማታ ማታ መውጣት ጀመረች። አትስቅም፣ አታወራም፣ ግን ትቀመጣለች። አባዬ ከታክሲ ሲገባ ሶፋው ላይ ያያት ቀን ደንግጦ ከነጫማው ምንጣፉ ላይ ቆመ፤ እሷም «ምንጣፉን!» አለችው። የድሮ እማዬ ለአንድ ደቂቃ ተመለሰች።

ሰኔ ገባና መንግሥት አሮጌውን ስርጭት ዘጋው። ሁሉም ነገር ዲጂታል ሆነ፤ የእኛው ግንዲላ ቴሌቪዥን ላይ የሚንጫጫ ግራጫ ብናኝ ብቻ ቀረ። እማዬ ትንሽ አየችው፣ «እሱም ሄደ?» አለች፣ ገባች። በሯን ዘጋች። በማግስቱም አልወጣችም፤ በሦስተኛውም አልወጣችም።

በርግጥ አዲሱን ስርጭት ለአሮጌ ቴሌቪዥን የምትቀይረው ሳጥን ቤት ውስጥ ነበረች። አንተ ከአደጋው በፊት ያመለከትክበት የመግዣ ኩፖን ካለፍክ በኋላ በስምህ በፖስታ መጣ። አባዬ ፖስታውን ለብዙ ጊዜ ማቀዝቀዣው ላይ አስቀመጠው። ጊዜው ሊያልፍበት ሲል ሄዶ ሳጥኗን አመጣት፣ ከነካርቶኗ ቁም ሣጥኑ ላይ ሰቀላት። የአንተ ሥራ ነበረች፤ ማንም ሊነካት አልፈለገም። እኔ አወረድኳት።

በአሮጌው የቤት ውስጥ አንቴና ሞከርኩ። ምስሉ ይመጣል፣ ወዲያው ሰውየው ፊቱ እንደ ሰድር አራት ማዕዘን አራት ማዕዘን ሆኖ ይበታተናል፤ ድምፁም ይሰጥምበታል። ስለዚህ አንተ ከሆነ ቦታ ገዝተህ ከበረንዳው በር ጀርባ ያቆምከውን፣ የዓሣ አጥንት የሚመስለውን ትልቁን አንቴና አወጣሁ። ወደየት ላዙረው እያልኩ ስዞር በረንዳው ሲሚንቶ ላይ አየኋት፤ በሰማያዊ ፕላስተር የተሠራች፣ በአንተ አቆራረጥ ቀጥ ያለች ቀስት። ቆሻሻ መጣያው ባለበት በመኪና ማቆሚያው ጥግ በኩል ታመለክታለች። ደስ አለኝ። «አላህ ይስጥህ፣ ይህችን እንኳ አሰብክልኝ» አልኩና የአንቴናውን አፍንጫ በቀስቷ ልክ አስተካክዬ ተከልኩት።

ሳጥኗ ፍለጋዋን ጨርሳ ያገኘችው አንድ የወርቅ ቀለበት የሚሸጥበት ቻናልና ሁለት በስፓኒሽ የሚያወሩ ናቸው። እነሱም ነፋስ በነፈሰ ቁጥር ይደርቃሉ።

ከዚያ መከራዬ ጀመረ። ከታች የሚኖሩት ጋሽ አሻግሬ፣ ኤርፖርት ላይ ከአባዬ ጋር ታክሲ የሚነዱት፣ አንቴናውን ከመኪና ማቆሚያው ሆነው አይተው የምግብ መጠቅለያ ፎይል ይዘው መጡ። «ሶ፣ ጎረምሳው፣ ፎይል አድርገህበታል?» አሉኝ። አላደረግኩም ስላቸው እንደ በሽተኛ አዘኑልኝ። «ፎይል ሳታደርግ ሪስካን ብታደርገው፣ እንደገና ቻናል ብታስፈልገው፣ ዋጋ የለውም» ብለው ምድጃ እንደሚገባ ዶሮ ጠቀለሉት። ስፓኒሽ ከሚያወሩት አንዱ ጠፋ። «ኦኬ፣ ማለቴ፣ እሱ ድሮም ደካማ ነበር» አሉ። አባዬ ሳሎን ሆኖ ይጣራል፦ «መጣ! ... ሄደ። መጣ! ... ኧረ ተወው፣ ሄደ።» ከዕለታት አንድ ቀን ሁመይራ ዘንጉን ስትይዘው ዜናው ጥርት ብሎ መጣ። ሁላችንም «እንዳትነቃነቂ!» አልናት። እጇን ዘርግታ ቆማ ቆማ «እኔ ቻናል ነኝ እንዴ?» ብላ አለቀሰችና ለቀቀችው። ሰባት ዓመት የሆናትን እህትህን እንዳስለቀስኩ ይቆጠርብህ።

ቤተ መጻሕፍት ሄጄ ኮምፒውተር ላይ የቤታችንን አድራሻ አስገባሁ። ስክሪኑ ላይ የምናየው የቻናል ቁጥር እውነተኛው ፍሪኩዌንሲ አይደለም ለካ። (ይህን ቃል በቀይ እንዳታሰምርብኝ፤ አማርኛውን አባዬንም ጠይቄ አላወቀውም።) ሰው እንዳይደናገር ብለው አሮጌውን ቁጥር እንደ ስም ትተውለት ሥርጭቱ ራሱ ሌላ ቦታ ሄዷል፤ አንዳንዱም ሰኔ ላይ እንደገና ተዛውሯል። ስለዚህ ሳጥኗ ያለፈውን ረስታ አዲስ ፍለጋ ካላደረገች፣ አጠገቧ ያለውንም አታገኘውም። ይህንንም ተቀበልኩ። ግን አንድ ነገር ደግሞ ይላል፦ ለእኛ ሰፈር የሚልኩት ማማዎች ሁሉ ሲዳር ሂል ኮረብታ ላይ ናቸው፤ ሲዳር ሂል ደግሞ ከሌዊስቪል በቀጥታ ወደ ደቡብ ነው። ቀስትህ የምታመለክተው ወደ ሰሜን ምሥራቅ ነው።

እስኪ አንተው ፍረድ። ማንን ልመን? ኮምፒውተሩን ወይስ አንተን? አንተን አመንኩ። ካሊድ የማያውቀውን አያደርግም፤ ምናልባት ሲግናሉ ከሆነ ሕንፃ ነጥሮ በዚያ በኩል ይመጣ ይሆናል፤ ይህን ሞክሮ፣ ለክቶ ነው ቀስቷን የለጠፋት አልኩ። ጋሽ አሻግሬ «ለምን ትንሽ ወደዚያ አታዞረውም?» ቢሉኝ ተቆጣኋቸው። አንቴናው ከቀስቷ በጣት ስፋት ዘወር ባለ ቁጥር እየተንበረከኩ አስተካከልኩት። ብሎኑን አጠበቅኩ። በገመድ አሰርኩት። ያም ሆኖ ያየሁት የወርቅ ቀለበት ብቻ ነው። በምሽት የእማዬ በር ላይ ቆሜ «ዛሬ ይሠራል» እላታለሁ፤ «እሺ» ትለኛለች፤ አትወጣም። አንተን ብይዝህ ኖሮ እንዴት እንደማደርግህ እኔ ነኝ የማውቀው!

ባለፈው እሑድ ዘንጉን በመዶሻ ስመታ እማዬ ድምፁ በዝቶባት በረንዳው በር ላይ መጣች። አንቴናውን አየች፣ ፎይሉን አየች፣ መሬቱን አየችና ፊቷ ተለወጠ።

«አንተ ልጅ፣ የካሊድ መስገጃ ቦታ ላይ ይህን ቆርቆሮ ማን ትከል አለህ?»

የምን መስገጃ፣ የአንቴናው ምልክት እኮ ናት አልኳት።

«የምን አንቴና? ቂብላ ናት እንጂ! ቅዳሜ እዚህ ሲያድር ሱብሒ ተነስቶ እዚህ ነበር የሚሰግደው። አንተ ሳሎን ስለምትተኛ 'ኡበይዳ እንቅልፉ ቀላል ነው፣ ልጁ ይተኛበት' ይለኝ ነበር። ቀስቷን የለጠፋት በጨለማ አቅጣጫው እንዳይስተው ብሎ ነው።»

ቤት ውስጥ ወደ መካ ዞሬ ስሰግድ ቂብላ ማለት ለእኔ የማቀዝቀዣው ጥግ ነው፤ ያ ጥግ በግድግዳው ማዶ ከቆሻሻ መጣያው ጋር አንድ አቅጣጫ እንደሆነ አንድ ቀን እንኳ አስቤው አላውቅም። እማዬ አንቴናውን እንደገና አየችው። ልታለቅስ ነው ስል፣

«እና እስከ ዛሬ ቴሌቪዥኑን ስታሰግደው ነው የከረምከው?» አለች።

ጋሽ አሻግሬ ከታች ሰምተው «እትዬ መስዑዳ፣ ለዚህ ነዋ ዝም ያለው! ሶላት ላይ ሆኖ ማን ዜና ያነባል?» ብለው ጮኹ። እማዬ ሳቀች፣ ካሊዶ። የበረንዳውን ብረት ይዛ ጎንበስ ብላ እስኪያማት ሳቀች። ከዚያ ሳቁ ወደ ሌላው ነገር ዞረባት፤ ቀስቷ አጠገብ ቁጭ አለች፤ እኔም ቁጭ አልኩ። አባዬ ሳሎን ሆኖ «ይምጣ ወይስ ይሂድ?» እያለ ይጣራል።

ፎይሉን ገፍፌ፣ አንቴናውን በረንዳው ሌላኛው ጫፍ ላይ ተክዬ፣ በልብስ ማጠቢያ ቤቱ ጣሪያ በኩል ወደ ደቡብ አዞርኩትና ሳጥኗን አዲስ ፍለጋ አስጀመርኳት። ቻናሎቹ ተራ በተራ ይወርዱ ጀመር። አባዬ «መጣ!» አለ። ሁላችንም «ሄደ» እስኪል ጠበቅን። አላለም።

ማታ እማዬ ሶፋው ላይ ተቀመጠች፤ ጫፉ ላይ ሳይሆን የድሮ ቦታዋ ላይ። የዝናቡ ሰውዬ መጣ። እኔ በተማርኩት አማርኛ «ነገ ከሰዓት በኋላ ሰማዩ በከፊል ደመናማ ሲሆን፣ ከደቡብ የሚነሳ ነፋስ ይኖራል» አልኳት።

«ካሊድ እንዲህ አይልም ነበር።»

«ምን ይል ነበር?»

«'መስዑዳ፣ ነገ ስለሚሞቅ መጋዘን ስትሄጂ ውሃሽን እንዳትረሺ፤ በዚያች በአለቃሽ ላይ ግን ከምሳ በኋላ ነጎድጓድ ይወርድባታል' ነበር የሚለኝ ሰውዬው።»

ስትዋሽ ነው የኖርከው ማለት ነው! ትርጉም እኮ አይደለም ብዬ ተከራከርኳት። «ማን ትርጉም ፈለገ?» አለችኝ። እንግዲህ ይህም በእኔ ላይ ወድቋል። ትላንት ማታ አለቃዋ ላይ ትንሽ በረዶ ጣልኩባት፤ ፈገግ አለች፤ «እሱ ግን አውሎ ነፋስ ያመጣ ነበር» አለች። ሥራ እንደምትመለስ የነገረችንም ያኔ ነው። መጋዘኑ ሲጠራት ቆይቷል፤ እሷ ናት እሺ ያላለችው።

አባዬ በጣም ሰላም ብሎሃል፤ አርብ አርብ እየመጣ ብዙ ስለሚያወራህ እኔ አልጨምርበትም። እማዬ ዱዓዋ ከአንተ አይለይም፤ በሰውዬው አፍ ያወራሃትን ሁሉ አላህ ምንዳ ያድርግልህ ብላለች። ሁመይራ «ቻናል ሆኜ እንደቆምኩ ንገርልኝ» ብላ አደራ ስላለችኝ ነግሬሃለሁ። ጋሽ አሻግሬ ሰላምታቸውን ልከዋል፤ ፎይሉ ግን ጥፋቱ የአቅጣጫው እንጂ የእሱ እንዳልሆነ ይታወቅልኝ ብለዋል።

ዛሬ ሳይነጋ አባዬ ወደ ኤርፖርት ወጣ። እማዬም ሁመይራን ለጋሽ አሻግሬ ባለቤት ሰጥታ ሥራዋን ልትጀምር ሄደች። ከሄድክ ወዲህ ይህ ቤት ባዶ ሆኖ አያውቅም፤ ብቻዬን የነቃሁበት ጠዋት ይህ የመጀመሪያው ነው። በሩ ሲዘጋ ሰማሁና ተነሳሁ። በረንዳው ላይ ሳይ የአንቴናው እግር የቀስቷን ጫፍ ልጦት፣ የቀረው ግንዱ ብቻ ነው። ከመሳቢያው ሰማያዊ ፕላስተርህን አምጥቼ ሁለት አጭር ቁራጭ ቆርጬ ጫፍ አበጀሁላት። እንደ አንተ ቀጥ አላለችልኝም። ውሃ ከፍቼ ውዱእ አድርጌ መስገጃህን አነጠፍኩባት። አንቴናው ከኋላዬ ወደ ራሱ አቅጣጫ ቆሟል፤ እኔም ወደ እኔው። ሱብሒ ሰገድኩ። ድምፄን ከፍ አድርጌ ነው ቁርኣኑን የቀራሁት፤ የምቀሰቅሰው ሰው አልነበረም።

ወንድምህ ኡበይዳ
ሌዊስቪል፣ ቴክሳስ
ሰኔ 25 ቀን 2001 ዓ.ም.