የልጄ ጠረጴዛ

ወዳጄ፣ እንዲህ ያቃጠለኝ የባሌ ወንድም፣ ሰባኪው ነው። «ልጅሽ ሞቷል፤ እግዚአብሔር ነግሮኛል» ብሎ ከል አለበሰኝ።

ዛሬ ልጄ ከመጥፋቱ በፊት ይሠራበት ወደነበረው የእንጨት ሥራ ቤት ሄድኩ። የእንጨት መላጊያውን ማንም አልነካበትም፤ ጠረጴዛውንም የሥራ ጓደኞቹ ጠዋት ጠዋት ይወለውሉለታል።

«በሕይወት አለ?» አልኩት አለቃውን።

«እማማ፣ አላውቅም። ውሸት አልጨምርብዎትም።»

«ታዲያ ምን ያስወለውላችኋል?»

«እመለሳለሁ ብሎ ነዋ የወጣው!»

ጠረጴዛው አጠገብ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ፤ ደረቴም ቀለለኝ። እኛ ዘንድ አላውቅም ብሎ የሚያጽናና ሰው ገጥሞኝ አያውቅም። የልጄን ነገር ፈጣሪ ይወቀው፤ እኔ ሳላውቅም አምነዋለሁ።

ልጆችሽን ሳሚልኝ። ፊደሌ የተጋደመው ወረቀቱ ላይ ቦታ ጠቦኝ ነው፣ እንዳትስቂ። ጸሎቴን አልተውም፤ ከእንግዲህ ግን መልስ ፍለጋ የዚያን ሰባኪ ደጅ አልረግጥም።