አልወደቀም

ሰኞ

«የወደቀው አውሮፕላን ጭማቂ ቤት»! በቀይ ቀለም፣ ያውም ሰፈራችን መግቢያ ላይ። ጎረቤታችን አብዲ የዚያን አሮጌ ባለ ውልብልቢት የጭነት አውሮፕላን ቀፎ ከሜዳ አስጎትቶ አምጥቶ ወንበር ሲደረድርበት ደስ ብሎኝ ነበር። ታፔላውን ሳይ ግን ደሜ ፈላ።

አልወደቀም! አብራሪው አባባ ነበር፤ አሳረፈው እንጂ አልጣለውም። እኔ ሳልወለድ ነው። ሽንኩርት ጭኖ ሲመጣ ጎማው አልወርድ አለው፣ በሆዱ አሳረፈው። አንድም ሰው አልሞተም። የተጎዳው ሽንኩርቱ ነው፤ የድሬ ሰው ሁሉ ሽንኩርት ሲለቅም ሰነበተ። ከዚያ ወዲህ ግን አባባ «አውሮፕላን የጣለው» ሆኖ ቀረ። ዛሬ ጠዋት ታፔላውን አንብቦ ከመንገድ ተመለሰ። ዳግም አልወጣም።

ማክሰኞ

ከፋብሪካ ስወጣ በቀጥታ አብዲ ዘንድ። «የወደቀው»ን አጥፋና «ያረፈው» በል አልኩት። ማንጎውን እየላጠ ሳቀብኝ። «ያረፈው? አቦ ተይኝ! ሰው ለቅሶ ቤት መስሎት ነጠላ አዘቅዝቆ ይመጣል እኮ!»

ሳቄ መጣና ዋጥኩት። እውነቱን ነው፤ የባሰ ያናደደኝም እሱ ነው። ደግሞ ቀለም ቀቢ ከየት ላምጣ አለ። እኔ እቀባዋለሁ አልኩት። ቀለም ቀብቼ አላውቅም።

ረቡዕ

አባባ ዛሬም ቤት ዋለ። ደቻቱ ድልድይ ድረስ ሳይሄድ የዋለበትን ቀን አላስታውስም። «ተይው አቦ፣ ስም ነው» ይላል። አልተወውም!

ቃል ፍለጋ፦
«የተረፈው»። የትናንት ወጥ ይመስላል።
«የዳነው»። ጸበል ቤት ነው እንዴ?
«የቆመው»። የተበላሸ መኪና።
ራሴን አመመኝ።

ሐሙስ

እራት ላይ ቃላቶቼን አነበብኩለት። አብዲ ስለ ነጠላው ያለውንም ነገርኩት። አባባ እስኪያስለው ሳቀ፤ ከሰኞ ወዲህ ገና መሳቁ ነው። ውሃ ጠጣና፣ «ጭማቂ አይደል የሚሸጠው? በሆዱ ያረፈው በይው» አለኝ።

ዘልዬ ግንባሩን ሳምኩት።

ቅዳሜ

አብዲ ሲሰማ ቢላውን ጣለ። «ወላሂ! አውሮፕላኑም በሆዱ፣ ጭማቂውም በሆድ!» በሰማያዊ ራሴ ቀባሁት። «ያ»ዋ ተንጋዳለች፤ ትንጋደድ። ቀዩ ከስር ትንሽ ይታያል። ነገ እደግመዋለሁ።

ከሰዓት አባባ መጣ። ኮቱን ለብሶ፣ በዚህ ሙቀት! ወደ ፊት አልፎ የድሮ የአብራሪ ቦታው ላይ ተቀመጠና ፓፓያ አዘዘ። አንድ ደንበኛ ገባና፣ «የወደቀው አውሮፕላን ይሄ ነው?» ብሎ ጠየቀ። ልጮህበት አፌን ስከፍት አባባ ቀደመኝ። ዕድሜውን ሙሉ ለዚህ ነገር መልስ ሰጥቶ አያውቅም።

«ወድቄ ቢሆን ማን ይነግርህ ነበር?» አለው።

ከዚያ ሌላ ፓፓያ አዘዘ።