ማንም ያላየው ማስጠንቀቂያ

ሰኞ፣ ሐምሌ 4

ብርድ። ከከተማችን ከሆባርት በላይ ያለው ተራራ በበረዶ ነጭ ሆኗል። ኢሜይል መጣ... ስለ ድራይቨሬ! ሰው ያነበዋል ማለት ነው? አሮጌዋን የጀልባ ሬዲዮ ካርድ ከኮምፒውተሩ ሥርዓት እምብርት፣ ከከርነሉ ጋር የሚያገናኘው ኮድ... ወደቡ ከሥራ ካሰናበተኝ ወዲህ የእኔ የምለው እሱን ብቻ ነው። ላኪው ሴሚሲ ይባላል፣ ከቶንጋ። አንድ ማክሮ፣ ለቁጥር የሰጠሁት ስም፣ ሁለት ቦታ ተጽፏል፣ የኋለኛውን ላውጣው ወይ ይላል።

ባሌ ኪት አልገባውም። «አንድ ስም፣ ሁለት ስልክ ቁጥር በለው» አልኩት። «ማሽኑ የሚደውለው በኋለኛው ነው።»

«ደዋይ ካለ አይደል!» ብሎ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ደስ ብሎኝ ዋለ።

ረቡዕ፣ ሐምሌ 6

ሴሚሲ እንደገና ጻፈ። «ቅር እንዳይልዎት፣ ሜሪን። ሁለቱ ቁጥሮች ይለያያሉ። ስለዚህ ኮዱን ኮምፓይል ያደረገ ሁሉ ማስጠንቀቂያ ይወጣበታል። የኋለኛው ከገባ ስምንት ዓመቱ፤ ማንም አላመለከተም። የሚጠቀምበት ሰው ይኖር ይሆን?»

ምን ብዬ ልመልስ?

ሐሙስ፣ ሐምሌ 7

ካርዷን ከጋራዥ አውጥቼ ኮምፒውተሬ ላይ ሰካኋት። ኮዱን ራሴ ኮምፓይል አደረግኩት፣ ወደ ማሽኑ ቋንቋ ለወጥኩት... ማስጠንቀቂያው ወጣ። ካርዷ ድምፅ የላት፣ መብራት የላት። የኋለኛውን መስመር አጥፍቼ እንደገና ሞከርኩ። መብራቷ ቦግ አለ።

ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። የደስታ አይደለም። ስምንት ዓመት ሙሉ ለማንም አልሠራችም፤ አንድ ሰው እንኳ ተበላሸብኝ አላለም። እኔ ደግሞ ማስተካከያ በመጣ ቁጥር በዓይኔ ብቻ አይቼ «ደህና ነው» እያልኩ እፈርማለሁ። ለማን? ደዋይ ካለ አይደል...

ዓርብ፣ ሐምሌ 8

ወጉ ነው፣ ሴሚሲ ከርነሉ ላይ የሚሠሩትን ሁሉ በኢሜይል ጠየቀ። የሚጠቀምበት ካለ በሁለት ሳምንት ውስጥ ይናገር፤ ከሌለ ድራይቨሩ በሙሉ ከከርነሉ ይወጣል።

ማክሰኞ፣ ሐምሌ 19

ዝም። ጭጭ።

«አንቺስ ሰው አይደለሽም እንዴ? እጠቀማለሁ በያቸው!» አለ ኪት።

«ለምኑ? ጀልባ አለኝ?»

«እሺ እኔ ልበል።»

«አንተ? ስልክህን እንኳ እኔ ነኝ የምከፍትልህ።»

አልሳቀም። እጄን ያዘኝ። መዋሸት አምሮኝ ነበር፣ በጣም አምሮኝ ነበር።

ቅዳሜ፣ ሐምሌ 23

ማንም አልተናገረም። ድራይቨሩን የሚያስወጣውን ማስተካከያ ሌላ ሰው እንዲጽፈው አልፈለግኩም። ራሴ ጻፍኩት፣ በስሜ ፈረምኩ። ሴሚሲ «ይቅርታ» ብሎ ላከ። እሱ ምን አደረገ?

ከሰዓት ከርነሉን በሙሉ ኮምፓይል አደረግኩ። ዓይኔን ሳልነቅል እስከ መጨረሻው ጠበቅኩ።

ንጹሕ። አንድም ማስጠንቀቂያ የለም።